የጨረታ ሪከርድ የገበያ ዋጋ አይደለም፦ የአሜሪካ አሮጌ መኪኖች ምን ያስተምሩናል?



ዛሬ ከቡናና ከእህል ትንሽ ወጣ ብለን ስለ አሮጌ መኪና ዋጋ እናወራለን። ምክንያት አለው። በኦገስት 2025 በፓናማ ጨረታ አንድ የጌሻ ቡና በኪሎ 30,204 ዶላር ከተሸጠ ወዲህ ያ ቁጥር ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይዞራል። ዘሩ በ1930ዎቹ ከእኛው ከጌሻ አካባቢ የሄደ ስለሆነ ደግሞ ያስቆጫል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) ችግሩ ቁጭቱ አይደለም። "እነሱ በዚህ ከሸጡ እኛ ለምን በዚህ እንሰጣለን? ይቆይ!" ብሎ መጋዘን የሚቆልፍ አቅራቢ መብዛቱ ነው።

የጨረታ ሪከርድ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ገበያ ቢኖር የአሜሪካ "መስል ካር" ገበያ ነው።

መስል ካር የሚባሉት ከ1960ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ፋብሪካዎች በመካከለኛና በትንሽ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር ገጥመው፣ ወጣት ገዢ በሚችለው ዋጋ ያወጧቸው ናቸው። ብዙ ሰው መጀመሪያቸውን ከ1964ቱ ፖንቲያክ ጂቲኦ ይቆጥራል። ሙስታንግ፣ ካማሮ፣ ቻርጀር፣ ባራኩዳ እያለ ይቀጥላል። በጊዜያቸው የቅንጦት ዕቃ አልነበሩም። ዛሬ ግን ምርጦቹ በሚሊዮን ዶላር ይጫረቱባቸዋል።

ሦስት ሽያጮችን እንይ።

አንደኛ፣ ስቲቭ ማክዊን በ1968ቱ "ቡሊት" ፊልም ላይ የነዳት አረንጓዴ ሙስታንግ። በ1974 አንድ ቤተሰብ በ6,000 ዶላር ገዛት። ሚስትየዋ ሥራ ትመላለስባት ነበር። ማክዊን ራሱ በ1977 ደብዳቤ ጽፎ ልግዛችሁ ቢላቸው እምቢ አሉት። በጃንዋሪ 2020 ፍሎሪዳ ኪሲሚ ላይ በሜከም ጨረታ መዶሻው በ3.4 ሚሊዮን ዶላር ወደቀ። የገዢው ኮሚሽን ሲደመር 3.74 ሚሊዮን ሆነ።

ሁለተኛ፣ የ1971 ፕሊመዝ ሄሚ ኩዳ፣ ጣሪያዋ የሚከፈተው። በዓለም ላይ የተሠሩት 11 ብቻ ናቸው። በ2014 አንዷ ሲያትል ላይ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አወጣች።

ሦስተኛዋ ግን ለእኛ ከሁሉም ትበልጣለች። በ2021 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሌላ የ1971 ሄሚ ኩዳ ቀረበች። ጨረታው 4.8 ሚሊዮን ደረሰ። ባለቤቱ ከዚያ በላይ ይፈልግ ስለነበር አልሸጠም፤ መኪናዋን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።

እንግዲህ የሄሚ ኩዳ የገበያ ዋጋ ስንት ነው? 3.5 ነው? 4.8 ነው? መልሱ "የገበያ ዋጋ" የሚባል ነገር የላትም ነው። 11 ብቻ የሆነ ዕቃ ገበያ የለውም፤ ያለው አጋጣሚ ነው። ጨረታ ላይ ዋጋውን የሚሠሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት እልኸኞች ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ያን ቀን አውሮፕላን ቢያመልጠው ዋጋው ሦስተኛው ሰው ካቆመበት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀር ነበር። ሪከርድ የሚነግረን ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ምን ያህል እንደፈለጉ ነው። መቶ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚከፍል አይነግረንም።

አሁን ወደ ፓናማው ቁጥር ተመለሱ። ያ 30,204 ዶላር የተከፈለበት ቡና ጠቅላላ 20 ኪሎ ነበር። አንድ ፈረሱላ ከሦስት ኪሎ መሆኑ ነው። የእኛም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። በ2020 የመጀመሪያው የኢትዮጵያ "ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ" ውድድር 1,459 ናሙና ቀርቦ 28 አሸነፈ፤ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጠ። በፈረሱላ ብታሰሉት ወደ 6,900 ዶላር ይመጣል። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ1 ዶላር ብዙም አልራቀም ነበር። የቀሩት አምራቾች የሸጡት በየትኛው ዋጋ እንደነበር እናንተው ታውቃላችሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ሁለተኛው ነጥብ፦ እነዚህ መኪኖች ለምን ጥቂት ሆኑ?

ፋብሪካው አርቆ አስቦ ጥቂት ስላመረተ አይደለም። ገዢ ስለጠፋ ነው። የሄሚ ሞተር ብቻውን በመኪናው ዋጋ ላይ ከ800 ዶላር በላይ ያስጨምር ነበር። የኢንሹራንስ ድርጅቶች ትልቅ ሞተር በሚነዳ ወጣት ላይ ክፍያ ቆለሉበት። በ1970 የአየር ብክለት ሕግ ጠበቀ። ጣሪያ የሚከፈት መኪና የሚፈልግ ሰውም እየቀነሰ ሄደ። ሄሚው ከ1971 በኋላ ቆመ፤ በ1973 የነዳጅ ማዕቀብ ሲመጣ ደግሞ የዚያ ዘመን ነገር በቃ አከተመ። ያኔ ያልተፈለገው ነው ዛሬ የሚፈለገው።

ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። የ1971 ኩዳ አይዘራም። ዋጋው አሥር ሚሊዮን ቢገባ እንኳ አሥራ ሁለተኛዋ አትወለድም። ቡና ግን ይዘራል። በፌብሩዋሪ 2025 የኒውዮርክ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር ሲያልፍ ያየው የእኛ ገበሬ ብቻ አይደለም፤ ብራዚልም ቬትናምም ኡጋንዳም አይቷል። ያን ጊዜ የተተከለ ችግኝ በሦስትና በአራት ዓመቱ ፍሬ ይሰጣል። በእኛ ሥራ የወደደ ዋጋ የሚያረክሰውን አብሮ ያረግዛል። ስለዚህ "መቆየት" ለመኪና ሰብሳቢ ስልት ሊሆን ይችላል። ለቡና ሻጭ ግን ብዙ ጊዜ ቁማር ነው።

መኪና እንኳ ቢሆን ሁልጊዜ አይወጣም። በ2006 አንድ የ1970 ሄሚ ኩዳ፣ ጣሪያዋ የሚከፈተው፣ ስኮትስዴል ላይ በባሬት ጃክሰን ጨረታ 2.16 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ሁሉም ሰው መስል ካር ይግዛ ተባለ፤ ተበድሮ የገዛም ነበር። የ2008 የፋይናንስ ቀውስ ሲመጣ ዋጋው ክፉኛ ወረደ፤ እስኪያገግም ዓመታት ፈጀ። ጣዕምም ይቀየራል። በ1960ዎቹ ጎረምሳ የነበረው ትውልድ አርጅቷል። ከእሱ ቀጥሎ ገንዘብ ያገኘው ትውልድ ልጅ እያለ ግድግዳው ላይ የለጠፈው የጃፓን መኪና ነው። በ2001 "ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ" ላይ የታየችው ቶዮታ ሱፕራ በ2021 በ550,000 ዶላር ተሸጣለች።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። የቡሊቷ ሙስታንግ ከ6,000 ተነስታ በ46 ዓመት 3.4 ሚሊዮን ገባች። በዓመት ሲመታ ወደ 15 በመቶ ትርፍ ነው። ይሄ እንግዲህ በዓለም ላይ ከታወቁት የሙስታንግ ሽያጮች አንዱ ነው፤ ያውም የጋራዥና የጥገና ወጪ ሳይነካ። አሁን የራሳችሁን የባንክ ብድር ወለድ አውጡና አጠገቡ አስቀምጡት። ዶላርና ብር አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ግን ሐሳቡ ይግባን። በብድር ገንዘብ ቡና ገዝቶ መጋዘን ያስቀመጠ ሰው ወለዱን ለመሸፈን ብቻ የቡሊቷን ሙስታንግ ያህል ዕድለኛ መሆን አለበት። ሙስታንጓ ደግሞ ስታረጅ ትወደዳለች። ቡና ሲያረጅ ቀለሙ ይነጣል፣ ቅምሻው ይወርዳል፣ "ያለፈው ዓመት ምርት" ይባልና ይቀነስለታል። ያ 4.8 ሚሊዮን እምቢ ያለ ሰው ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሊጠብቅ ይችላል። ዩኒየን ግን ለአባሉ ክፍያ አለበት፤ ላኪ ውል አለበት።

ታዲያ ከመኪናው ገበያ የምንወስደው ምንም የለም ማለት ነው? አለ እንጂ። ወረቀቱ ነው።

ሁለት የ1971 ባራኩዳ ጎን ለጎን ቢቆሙ በዓይን አይለዩ ይሆናል። አንዷ ከፋብሪካ በሄሚ የወጣች ናት። ሌላዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ትንሽ ሞተር የነበራት፣ በኋላ ሄሚ የተገጠመላት ናት፤ ክሎን ይሏታል። ፍጥነታቸው አንድ ነው፣ ድምፃቸው አንድ ነው፣ ዋጋቸው ግን ሰማይና ምድር። የሚለያቸው ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከቦዲው ጋር መግጠሙ፣ የፋብሪካው የትዕዛዝ ወረቀት መገኘቱ፣ ከመጀመሪያው ገዢ ጀምሮ ከማን ወደ ማን እንደሄደች መታወቁ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ስለዚህ ትልቅ ገዢ መኪናውን ሳያይ ወረቀቱን ያያል።

ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቡናችን በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ በሚሸጥበት ጊዜ የአንድ ቀበሌ ምርጥ ቡና ስሙን አጥቶ ከሌላው ጋር ይሄድ ነበር። አሁን ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ፣ መቼ እንደተለቀመ፣ እንዴት እንደደረቀ ጽፎ የሚይዝ ሰው ከአንድ ዓይነት ቡና የተሻለ ያገኛል። የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግም የማሳውን መገኛ ነጥብ የሚጠይቅ ነው። ብዙዎቻችን እንደ ቅጣት እያየነው ነው። እኔ ግን ወረቀቱን እንደ ሞተሩ ቁጥር ነው የማየው። የያዘው ይሸጥበታል፤ ያልያዘው ቡናው ጥሩ ሆኖ እንደ ክሎን ይታይበታል።

ለማጠቃለል፣ ሪከርድ ዋጋ ያለበት ስክሪንሹት ሲደርሳችሁ አራት ጥያቄ ጠይቁ። ስንት ኪሎ ነው? ስንት ተጫራች ነበር? በእርግጥ ተሸጧል ወይስ ዋጋ ብቻ ነው የተጠራው? ከተጠራው ላይ ሻጩ እጅ የገባው ስንት ነው?

ከዚያ ቡናችሁን ለሁለት ክፈሉት። ምርጧን፣ ጥቂቷን፣ ወረቀቷ የተሟላውን ለውድድርና ለልዩ ገዢ ያዙ፤ እሷ ላይ ቢቆይ አይጎዳም፣ ስምም ታመጣለች። የቀረውን፣ መቶ ኩንታሉንና ሺህ ኩንታሉን፣ የኒውዮርክን ዋጋ እያያችሁ ከፋፍላችሁ ሽጡ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትልቀቁ፤ ሁሉንም ለአንድ ቀን ብላችሁም አታስቀምጡ። የአባላችሁን የዓመት ቀለብ በሁለት እልኸኛ ተጫራቾች ዋጋ አትተምኑት።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፤ በተለይ ዩኒየኖች።

መልካም ገበያ!