ሥዕሉ ይጠቁማል፤ ቀለሙ ይመሰክራል

በዕድሜ የገፋ ሰው ሽንት ሌሊት እየደጋገመ ሲያስነሣው፤ ሲሸናም ሲያስቸግረው፤ ነገሩን ለባለቤቱ እንኳ ሳይነግር መክረሙ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ነቀርሳ ሳይሆን የፕሮስቴት እጢ ማደግ ብቻ ነው። ነገር ግን በደም ምርመራ ወይም በሐኪም ዳሰሳ ነቀርሳ የተጠረጠረ እንደሆነ መካሪው ይበዛል። አንዱ ወዳጅ «በኤም አር አይ ከታየህ ይበቃል፤ መርፌ ምን ያደርግልሃል?» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ሥጋው ተወስዶ ካልተመረመረ ሥዕል ከንቱ ነው» ይለዋል። እኔ ሁለቱም መካሪዎች ተሳስተዋል እላለሁ።

በመጀመሪያ የመርፌውን ነገር እንመልከት። ሐኪሙ ከእጢዋ የሚወስዳቸው ቀጫጭን የሥጋ ቁራጮች በሰም ውስጥ ተደርገው፤ ከሚሊ ሜትር መቶኛ እንኳ በቀጠነ ልክ ተቆርጠው በሁለት ቀለም ይነከራሉ። አንደኛው ሄማቶክሲሊን የሚባለው፤ መነሻው የመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሆነው ቀለም የሕዋሱን አስኳል ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ ያደርገዋል። የነቀርሳው ጠባይ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ዶክተር ዶናልድ ግሊሰን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ያወጡት የደረጃ አሰጣጥ፤ እየታረመ ዛሬም የሚሠራበት በዚሁ በተነከረው ሥጋ ላይ ነው። አሁን በመርፌ ናሙና ላይ የሚሰጠው ቁጥር ከ6 እስከ 10 ነው፤ 6 የሆነው ዝግተኛ ስለሆነ ብዙ ሕመምተኛ ቀዶ ጥገና ሳይደረግለት በክትትል ሊቆይ ይችላል፤ 10 የሆነው ግን እጅግ ክፉ ነው። ይህን ልዩነት ለይቶ የሚናገር ሥዕል እስከ ዛሬ የለም።

ይሁን እንጂ ቀለሙ የሚመሰክረው መርፌው ስላመጣው ሥጋ ብቻ ነው። መርፌው ነቀርሳውን ስቶ አጠገቡ ከወጋ፤ ምስክሩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ይሳሳታል። ፕሮሚስ የተባለው፤ በብሪታንያ በ576 ወንዶች ላይ ተደርጎ በ2017 የታተመው ጥናት ይህንኑ አስረድቷል። እጢዋ በየ5 ሚሊ ሜትሩ ተወግታ እውነቱ ከታወቀ በኋላ ሲመዘን፤ በአልትራሳውንድ የሚመራው የተለመደው መርፌ ያገኘው አደገኛ ነቀርሳ ካለባቸው 48 በመቶውን ብቻ ነበር። ኤም አር አይ ግን 93 በመቶውን ጠቁሟል።

ታዲያ ሥዕሉ አሸነፈ ማለት ነውን? አይደለም። በዚያው ጥናት፤ አደገኛ ነቀርሳ ከሌለባቸው ሰዎች ውስጥ ሥዕሉ በትክክል ነጻ ያላቸው 41 በመቶውን ብቻ ሲሆን መርፌው 96 በመቶውን ነጻ ብሏል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ኤም አር አይ በማግኔትና በራዲዮ ሞገድ የሚያየው ሕዋሱን ራሱን ሳይሆን፤ ሕዋሳት በተጨናነቁበት ሥፍራ የውኃ እንቅስቃሴ መታፈኑንና ይህን የመሰለውን ምልክት ነው። የእጢ ቁስለትና እብጠትም ይህንኑ ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ።

እንግዲህ ሥራው ሁለቱን ማቀዳጀት ሳይሆን ማስከተል ነው። በ2018 የታተመው፤ 500 ወንዶች የገቡበት ፕሪሲዥን የተባለው ጥናት በአንድ ወገን ኤም አር አይን አስቀድሞ መርፌውን ወደ ታየው ሥፍራ ላከ፤ በሌላው ወገን እንደ ቀድሞው ወጋ። አደገኛ ነቀርሳ የተገኘው በመጀመሪያው ወገን በ38 በመቶው፤ በሁለተኛው በ26 በመቶው ነው። ከመጀመሪያው ወገን 28 በመቶው ደግሞ ከነጭራሹ ሳይወጉ ቀርተዋል።

ስለዚህ ሕመምተኛው ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ «ሥዕሉ የት ጠቆመ? የተነከረው ሥጋ ምን መሰከረ?» በሥዕል አንድ ነገር ታየብህ የተባለ ሰው ቀለሙ ሳይመሰክር ራሱን ሞት እንደተፈረደበት አይቁጠር። ኤም አር አይ በሌለበት አገር የሚኖርም ሰው በተለመደው መርፌ መመርመሩን አይናቅ፤ ነገር ግን «ምንም የለም» ቢባልና ጥርጣሬው ባይለቅ፤ ክትትሉን አይተው።

ከሁሉም በፊት ግን ማፈሩን ይተው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ሥዕሉም ቀለሙም የሚረዱት ወደ ሐኪም የቀረበውን ሰው ነውና።