«የእናት ፍቅር» እያላችሁ በምታጋሩት ፊልም ውስጥ የታሰረው የማን ልጅ ነው?



ሰሞኑን በዓለም ጤና ወጣቶች ዘንድ አንድ የኮሪያ ፊልም ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። በፍላሽ የሚገለብጥ አለ፣ በቴሌግራም የሚልክ አለ፣ ተሰብስቦ የሚያይም አለ። ፊልሙ አዲስ አይደለም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ስሙ «እናት» ይባላል። የሠራው ቦንግ ጁን ሆ ነው፤ በኋላ በ2020 «ፓራሳይት» በተሰኘው ፊልሙ የኦስካርን ትልቁን ሽልማት የወሰደው ሰውዬ። እናቲቱን ሆና የተጫወተችው ኪም ሃይ ጃ በአገሯ ቴሌቪዥን ለብዙ ዓመታት የእናት ገጸ ባሕርይ በመጫወት የታወቀች ናት።

ፊልሙ መዞሩ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍን። ያስቆጣን ሌላ ነው። ወንድሞቻችን እናቲቱ ለልጇ ስትንከራተት የሚያሳየውን ክፍል ቆርጠው፣ ነሺዳ አስገብተውበት፣ ከሥሩ ጀነት በእናት እግር ሥር መሆኗን የሚያወሳውን ሐዲስ ጽፈው ያጋራሉ። «ማሻ አላህ! እናት ማለት ይቺ ናት!» የሚል አስተያየት ይዘንብበታል። እኛ ግን እንላለን፦ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አላያችሁትም፤ ካያችሁትም አልገባችሁም።

«ኢማሙን የምታግዙ ሰዎች ፊልም ምን ያደርግላችኋል?» የሚለን አይጠፋም። አንዱ ወጣት ከዒሻ ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ አስቁሞን «ይቺ እናት ጀነት አትገባም?» ብሎ ጠየቀን። ባላወቁት ነገር ላይ ፍርድ አይሰጥም ብለው ኡስታዞቻችን አስተምረውናል። ስለዚህ አየነው። «ፊልም ነውና ተዉት» ብለን ብናልፈው ይቀለን ነበር፤ የወጣቱ ጥያቄ ግን መልስ አያገኝም ነበር።

ታሪኩ ይህ ነው። በአንዲት ትንሽ ከተማ የምትኖር ድሃ እናት አለች። ቅጠላ ቅጠል ትሸጣለች፣ ፈቃድ ሳይኖራት በመርፌ ታክማለች። በፊልሙ ውስጥ ስም እንኳ የላትም፤ እናት ብቻ ናት። ዶ ጁን የሚባል ጎልማሳ ልጅ አላት፤ አእምሮው ዘገምተኛ ነው። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ተገድላ ትገኛለች። ስሙ የተጻፈበት የጎልፍ ኳስ እዚያ አካባቢ ስለተገኘ ፖሊስ ልጁን ይይዘዋል። ያልገባውን ወረቀት ያስፈርሙታል፤ መዝገቡ ይዘጋል። ጠበቃው ሀብታምና ግዴለሽ ነው። እናቲቱ «ልጄ አላደረገውም» ብላ ብቻዋን ማስረጃ ፍለጋ ትወጣለች።

እዚህ ድረስ እኛም ከእሷ ጋር ነን። የደካማ ሰው ቃል በማስፈራራት ሲወሰድ ዝም አለማለት የእናት ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ግዴታ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ማንም በኃይል ቃሉን እንዲያምን እንዳይገደድ፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይደነግጋል። ልጇ በግፍ ታስሯል ብላ የምታምን እናት ጣቢያና ፍርድ ቤት ብትመላለስ፣ ብትጮህ፣ ብትከራተት አጅር አላት ኢንሻ አላህ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ቆርጣችሁ ያላጋራችሁት እናንተ ናችሁ።

እናቲቱ ገዳይ ነው ብላ የጠረጠረችው አንድ ቁራሌ የሚሰበስብ ሽማግሌ ዘንድ ትደርሳለች። ሽማግሌው ግን ገዳይ አይደለም፤ ምስክር ነው። በዚያች ሌሊት ያየውን ይነግራታል፦ ልጅቷን የገደላት የገዛ ልጇ ነው። ሽማግሌው ለፖሊስ ሊደውል ሲል በብረት መፍቻ ቀጥቅጣ ትገድለዋለች፣ ቤቱንም ታቃጥላለች። ቀጥሎ ፖሊስ ሌላ ልጅ ይይዛል። ይኸኛውም የአእምሮ ውስንነት ያለበት ነው፤ የልጅቷ የነስር ደም ልብሱ ላይ ተገኝቶ ነው የተያዘው። እናቲቱ ልትጠይቀው ትሄዳለች። እናት እንዳለው ትጠይቀዋለች። የለውም። ታለቅሳለች። አልቅሳ ስታበቃ እውነቱን ሳትናገር ትወጣለች። ልጇ ተፈትቶ ቤቱ ይገባል፤ ያ የቲም በእሱ ቦታ ታስሮ ይቀራል።

ሱብሓነላህ! ማን ምን እንደከፈለ ቁጠሩ። የተገደለችው ልጅ አቅሏን የሳተች አያት ብቻ ያላት ናት፤ ለሩዝ ስትል ገላዋን የምትሰጥ ድሃ። የተቃጠለው ሽማግሌ ጠያቂ የሌለው ብቸኛ ነው። የታሰረው ልጅ እናት የለውም። የዚህች እናት «ፍቅር» ዋጋው የተከፈለው ተቆርቋሪ በሌላቸው ሰዎች ነው። ስለ እነርሱ የሚጮህ እናት ቢኖራቸው ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር።

አንድ ነገር እንጨምር። ልጁ ልጅቷን የመታት ለምንድን ነው? ጅል ብላ ስለሰደበችው ነው። ማን የሰደበህን ምታ ብሎ አስተማረው? እናቱ! ከትንሽነቱ ጀምራ የናቀህን አትለፍ ብላ አሳድጋዋለች። በእኛ ሰፈርስ «የመታህን ሳትመታ ቤት እንዳትገባ» እያልን የምናሳድግ ስንት ነን? ተርቢያውን በገዛ እጃችን አበላሽተን ስናበቃ ጥፋቱን መደበቅ ፍቅር ይመስለናል። ይህችው እናት ልጇ የ5 ዓመት ሕፃን ሳለ ኑሮ ቢያንገፈግፋት ፀረ ተባይ በመጠጥ ሰጥታው አብራው ልትሞት ሞክራ ነበር። ልጁን እንደ ንብረቷ ነው የምታየው። ልጅ ግን አማና ነው፤ የአላህ ባሪያ ነው፤ ነገ ብቻውን የሚጠየቅ ነፍስ ነው።

ፊልሙን የሠራው ሰውዬ ሙስሊም አይደለም። ቢሆንም እሱ እንኳ አላሞገሳትም። ፊልሙ ሲያልቅ እናቲቱ መጥፎ ትዝታ ያስረሳል የምትለውን ቦታ ጭኗ ላይ በመርፌ ወግታ አውቶቡስ ውስጥ ትጨፍራለች። ኅሊናዋን ልታስተኛው ነው። እሱ ያላሞገሳትን እኛ በሐዲስ አሞገስናት!

ለምን እንዲህ እንደመረረን ትጠይቁ ይሆናል። ነገሩ ኮሪያ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከሞጆ እስከ መቂ ባለው በዚህ መንገዳችን ላይ የሆነ ነው፤ ስም አንጠራም።

አንድ መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ የቤተሰቡን ባጃጅ በምሽት ይዞ ወጣ። ከገበያ የምትመለስ እናት ገጨ። ሴትየዋ ሪፈር ተጽፎላት ሳትተርፍ ቀረች፤ ልጆቿ የቲም ሆኑ። በማግስቱ ጣቢያ ቀርቦ «እኔ ነበርኩ የምነዳው» ያለው ግን ያ ልጅ አይደለም፤ የቤቱ ቅጥር ሹፌር ነው። ከሩቅ ገጠር ለሽንኩርት ሥራ መጥቶ ባጃጅ የለመደ ወጣት። «አንተ መንጃ ፈቃድ አለህ፣ ላንተ ይቀላል። ደሞዝህ አይቋረጥም፣ ጠበቃ እናቆምልሃለን፣ ስንቅ እናመላልስልሃለን» ተባለ። ስንቁ ሁለት ወር መጣ። ከዚያ ቀረ።

ለሟች ቤተሰብ ጉማ ተከፈለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። በዚያ ሽምግልና ላይ እኛም ነበርን። ዱዓ ያደረግነው እኛ ነን። የልጁ እናት መጥታ «ልጄን ከክፉ ዓይን እንዲጠብቅልኝ ዱዓ አድርጉልኝ» ስትለን «አሚን» ብለናል። እውነቱን አናውቅም ነበር ብንል ውሸት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲያወራው ሰምተናል። «እናት ናት፣ ልቧ ተሰብሯል» ብለን ዝም አልን። ጉማ ጥፋተኛው ጥፋቱን ሲያምን የሚወርድ ሥርዓት መሆኑን እያወቅን በሐሰት ላይ አስቀመጥነው። ስለዚህ ይህን ስንጽፍ ከእናንተ በፊት የምንወቅሰው ራሳችንን ነው።

አላህ በቁርኣኑ በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም። ሙፈሲሮች በሱረቱ አን-ኒሳእ ከ105 እስከ 112 ያሉት አንቀጾች የወረዱበትን ምክንያት ሲያወሱ ከሚጠቅሷቸው ዘገባዎች አንዱ እንዲህ ይላል። በመዲና አንድ ሰው የብረት ጥሩር ሰረቀ። ነገሩ ሲነቃበት ጥፋቱ በአንድ አይሁዳዊ ላይ ተደፈደፈ። የሌባው ዘመዶች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ለዘመዳቸው ተከራከሩ። አንቀጾቹ ወርደው ያንን አይሁዳዊ ነፃ አወጡ፣ ለከዳተኞች መከራከርንም ከለከሉ። ኃጢአት ሠርቶ በንጹሕ ሰው ላይ የጣለ ሰው ድርብ ሸክም እንደተሸከመ ተነገረ። ልብ በሉ! ንጹሑ ሰው ሙስሊም አልነበረም፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ዘመድ አልነበረውም። አላህ ግን ጠበቃው ሆነ። በዚያው ሱራ 135ኛው አንቀጽ ምስክርነት በራሳችን፣ በወላጆቻችን ወይም በቅርብ ዘመዶቻችን ላይ እንኳ ቢሆን በፍትሕ እንድንቆም ያዘናል።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትንም ታውቁታላችሁ። ከበኒ መኽዙም የሆነች ትልቅ ቤተሰብ ያላት ሴት ሰረቀች። ኡሳማን (ረ.ዐ) አማላጅ አድርገው ላኩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተቆጡ። የቀድሞ ሕዝቦች የጠፉት ትልቁን እየተዉ ደካማውን እየቀጡ መሆኑን ተናገሩ፤ የገዛ ልጃቸው ፋጢማ ብታደርገው እንኳ እንደማይምሯት አስታወቁ። ፋጢማን ከሳቸው በላይ የሚወድ አባት የት አለ?

አሁን የምትሉትን እንሰማለን፦ «እናት ናት እኮ! በእሷ ቦታ ብትሆኑስ?» ጥያቄው ከባድ ነው፤ አናቃልለውም። የእናት አንጀት ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሕግም ያውቃል። የኮሪያ የወንጀል ሕግ እንኳ ዘመዱን ከፖሊስ የደበቀን የቅርብ ቤተሰብ አይቀጣም። ልጇን ጓዳ ደብቃ የምታለቅስ እናት ታሳዝናለች። ግን መደበቅ ሌላ፣ የሌላ እናት ልጅን በልጅ ፋንታ ማስገባት ሌላ ነው። ያም የታሰረው ሹፌር እናት አለችው። ሩቅ ገጠር ናት፣ የመኪና ገንዘብ የላትም፣ ልጇ ሰው ገደለ ተብሎ ተነግሯታል። የእሷስ አንጀት አንጀት አይደለም? ጀነት በእሷም እግር ሥር አይደለችም?

«ታዲያ እናት ልጇን አሳልፋ ትስጥ?» ካላችሁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዳይ ወንድምን መርዳት ማለት ከበደሉ መከልከል ነው ብለው አስተምረውናል። ልጅንም መርዳት እንዲሁ ነው። እጁን ይዛችሁ ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ። ጠበቃ ፈልጉለት። የሟች ቤተሰብ ደጅ ላይ አብራችሁት ቁሙ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ ጉማውን በእውነት ላይ ክፈሉ። ታስሮ ከሆነ በየሳምንቱ ስንቅ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሲወጣ በር ላይ ጠብቁት። ከዚህ ውስጥ የእናት ፍቅር የጎደለው የቱ ነው? የጎደለው ውሸቱ ብቻ ነው። ውሸቱን ያተረፈለት ልጅ ግን ቤቱ ተኝቶ ሰው እንደገደለ ያውቃል። ተውባ የሚያደርግበትን መንገድ እናቱ ዘግታበታለች። በፊልሙም ልጁ ከተፈታ በኋላ እናቱ ሽማግሌውን የገደለችበት ቦታ አመድ ውስጥ የመርፌ ሣጥኗን አግኝቶ ይሰጣታል። ሸሽጋ ያዳነችው ልጅ የእሷን ወንጀል ተሸክሞ መጣ። ዙልም እንዲህ ነው፣ ከቤት አይወጣም።

ወንድሞቻችን! ያን ቪዲዮ አጥፉት። ማጥፋት ካልፈለጋችሁ ሐዲሱን አንሱበት። የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ቃል በነፍሰ ገዳይ ምስል ሥር አትጻፉ። በየሰፈራችሁም ጠይቁ፦ በማን ልጅ ፋንታ የማን ልጅ ታስሯል?

እኛ ባለፈው ሳምንት ማረሚያ ቤት ሄደን ያንን ወጣት ጠይቀናል። ስለ ራሱ ምንም አላለንም፤ እናቱ ደህና እንደሆነች ብቻ ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፋችን በፊት አብረውን ለተቀመጡት ሽማግሌዎች ነግረናቸዋል፦ በሐሰት ላይ ያደረግነውን ዕርቅ እንመልሳለን፣ የምናውቀውን ለሚመለከተው እንናገራለን። የሚቆጣን ይኖራል። ይሁን።

ለልጁ እናትም አንድ ቃል አለን። እናታችን! ልጅዎን አንጠላውም። መንገዱ ገና አልተዘጋም። እጁን ይዘው ከመጡ እኛ ከጎንዎ ቆመን አብረን እንሄዳለን፣ ቢታሰርም ስንቁን አብረን እናመላልሳለን። ካልመጡ ግን «አሚን» ያልነውን ቃላችንን አንስተናል።

አላህ ሐቅን አይተው ከሚከተሉት ያድርገን፤ በማናውቀው ሰው ልጅ ላይ ሸክማችንን ከመጣል ይጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።