ነዳጁንስ ማን ያቆመዋል?

«አንድ ወጣት መኪና ሠራ» የሚል ዜና ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፡፡ ዜናው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፡፡ ወጣቱ ከመኪናው አጠገብ ይቆማል፣ ስንት ብር እንደጨረሰ ይናገራል፣ ድጋፍ እንዲደረግለት ይጠይቃል፣ ጎረቤት ያጨበጭባል፡፡ በቃ! ባለፈው ዓመት እኔም እንደዚሁ ዓይነት ጽሑፍ ጽፌ ነበር፡፡ ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጽሑፍ ነው፤ ኑዛዜም አለበት፡፡

መኪናውን የሠራው አዳማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው፡፡ ሻንሲውን ከብረት ቱቦ በየደ፣ ቦዲውን ከላሜራ ቀጠቀጠ፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የቶዮታ ኢንጀክሽን ሞተር ገዝቶ ገጠመ፡፡ ሁለት ዓመት ፈጀበት፡፡ እኔ ደግሞ ለኮርስ የሚሆን ፊቸር ሠራሁበትና «ከፋብሪካ መኪና የሚያንሳት ነገር የለም» ብዬ ደመደምኩ፡፡ ማን ነገረሽ ብትሉኝ ማንም አልነገረኝም፡፡ ጥሩ ውጤት ግን አገኘሁበት፡፡ እሱም ጽሑፉን ፕሪንት አስደርጎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው፡፡ ከዚያ በፊት ከግቢ አውጥቷት የማያውቀውን መኪና ሰፈር ውስጥ መንዳት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው፡፡

በፋሲካ እረፍት እኔንም አሳፈረኝ፡፡ አንድ መታጠፊያ ላይ ቀስ እያልን ስንዞር ከድንጋይ አጥር ጋር ተጋጨን፡፡ ፍጥነታችን ትንሽ ስለነበር አልተጎዳንም፡፡ ሞተሩም ጠፋ፡፡ አንድ ድምፅ ግን አልጠፋም፤ ከኋላችን «ዝዝዝ» ይላል፡፡ ወዲያው ቤንዚን ሸተተን፡፡ ለካ የነዳጁ ጎማ ከመጋጠሚያው ወልቆ ፓምፑ ቤንዚኑን የጋለው ሞተር ላይ እየረጨው ነበር፡፡ ሁለታችንም ደንዝዘን ቁጭ አልን፡፡ ያዳኑን በዚያ ሲያልፉ የነበሩ የሰፈሩ መካኒክ ናቸው፡፡ «ቁልፉን አጥፋው! ውጡ!» ብለው ጮኹ፡፡ እሳት ያልተነሳው በእግዚአብሔር ቸርነት እንጂ በእኛ ብልጠት አይደለም፡፡

መካኒኩ በኋላ ኮፈኑን ከፍተው ሲያዩ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ፡፡ «ልጄ፣ ስለዚህች መኪና የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ፡፡ ነዳጁን ማን እንደሚያቆመው ጠይቀሽዋል?» አሉኝ፡፡ አልጠየቅሁትም፡፡

ነገሩ ቀላል ነው፡፡ በድሮዋ ቮልስ የነዳጁን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ሞተሩ ነው፡፡ ሞተር ቆመ ማለት ፓምፕ ቆመ ማለት ነው፡፡ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ግን የሚታዘዘው ለሽቦው ነው፡፡ የፋብሪካ ኢንጀክሽን መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ቁልፍ ሲከፈት ፓምፑን ለሁለት ሰከንድ ያህል ያስነሳውና ሞተሩ ካልዞረ መልሶ ያጠፋዋል፡፡ የአክስቴ ልጅ ኮምፒውተሩ ነበረው፤ የፓምፑን መስመር ማግኘት ሲያቅተው ግን ፓምፑን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር አገናኘው፡፡ ቁልፉ እስካልጠፋ ድረስ ሞተር ኖረም አልኖረም ፓምፑ ይገፋል፡፡ አገፋፉም የዋዛ አይደለም፡፡ የኢንጀክሽን ግፊት ብዙ ጊዜ ወደ 3 ባር ይጠጋል፤ መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ነፋስ ይበልጣል፡፡

ታዲያ እንዴት መሠራት ነበረበት? ከባትሪው የሚነሳው ወፍራም ሽቦ ገና እዚያው ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው፡፡ ወደ ሪሌዩ በ30 ቁጥር ገብቶ በ87 ወደ ፓምፑ ይውጣ፡፡ ሪሌዩን የሚያስነሳው ቀጭን ሽቦ ከቁልፉ ተነስቶ 86 ላይ ይግባ፤ 85 ላይ ያለውን ደግሞ ኮምፒውተሩ ሞተር ሲዞር ብቻ ወደ ኔጋቲቭ ይዝጋው፡፡ ኮምፒውተር የሌለው ካርቡራቶር ሞተር ከሆነ የዘይት ግፊት ስዊች ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ሞተር ሲቆም የዘይቱ ግፊት ይወርዳል፣ ፓምፑም ይቆማል፡፡ ሲነሳ ግን ገና ግፊት ስለሌለ ከሞተሪኖው መስመር ለጊዜው ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት፡፡

በዚያው ቀጭን ሽቦ መሐል ደግሞ የግጭት ስዊች ይገባል፡፡ ፎርድ ለረጅም ዓመታት የተጠቀመበት ዓይነት ውስጡ በማግኔት የተያዘ የብረት ኳስ አለው፤ ኃይለኛ ግጭት ሲመጣ ኳሱ ከማግኔቱ ተላቅቆ መስመሩን ይቆርጣል፡፡ እንደ እኛ ዓይነቱ ትንሽ ግጭት ኳሱን ላያላቅቀው ይችላል፡፡ ሞተሩ ሳይጠፋ በሚደርስ ትልቅ ግጭት ደግሞ የመጀመሪያው መንገድ ብቻውን አይበቃም፡፡ ሁለቱም የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው፡፡

ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፣ ጋዜጠኛን ምን አገባው የሚል ጓደኛ አለኝ፡፡ «ልጁን ተስፋ አታስቆርጪው» የሚሉኝም አሉ፡፡ እኔም ያኔ እንደዚያ አስቤ ነው ያላየሁትን የጻፍኩት፡፡ ግን እስቲ እ.ኤ.አ. 1977ን እናስታውስ፡፡ «ማዘር ጆንስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ማርክ ዳዊ የተባለ ጋዜጠኛ ስለ ፎርድ ፒንቶ ጻፈ፡፡ የነዳጅ ታንኩ ከኋላ አክስሉ በስተኋላ ስለሆነ መኪናው ከኋላ ሲመታ ነዳጁ ይፈስና እሳት ይነሳል አለ፡፡ በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ ኩባንያው ወደ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን ለጥገና ጠራ፡፡ ዳዊ ስለ ሟቾች የሰጠው የቁጥር ግምት በኋላ ብዙ አከራክሯል፤ ይህም ራሱ ትምህርት ነው፡፡ ጥያቄው ግን ትክክል ነበር፡፡ ዳዊ መሐንዲስ አልነበረም፡፡ ጠያቂ ነበር፡፡

እኔ እንደማምነው መጠየቅ ማክበር ነው፡፡ ማጨብጨብ ለማንም ይቻላል፡፡ አንድን ሰው ሥራው ስለደከመበት ብቻ ሳንመረምር ስናሞግሰው፣ ሥራውን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም ማለት ነው፡፡ ስለዚህ በዲፓርትመንታችን የተግባር ኮርሶች ስለ ፈጠራ የሚጻፍ ማንኛውም ሥራ ቢያንስ የአንድ ሌላ ባለሙያ ድምፅ ይኑረው፣ «ሲበላሽ ምን ይሆናል?» የሚለውም ጥያቄ ይመለስበት እላለሁ፡፡ መምህራኖቻችንም ይህ የሌለበትን ጽሑፍ ውጤት ባይሰጡት ደስ ይለኛል፤ የእኔንም ጨምሮ፡፡

የአክስቴ ልጅ ጽሑፌን ከግድግዳው አውርዶታል፡፡ ሽቦውን በመካኒኩ እገዛ እንደገና ሠራው፡፡ ባለፈው ወር ስሄድ ቁልፉን ከፈተና ሞተሩን ሳያስነሳ «አዳምጪ» አለኝ፡፡ ፓምፑ ዝዝ አለ፡፡ አንድ፣ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ፡፡ ዝም አለ፡፡

አሁን ብጽፍ የምጀምረው ከዚያ ዝምታ ነው፡፡