የአያቴን ጠገራ ብር አሜሪካ ልላከው?

የሰሞኑ ደብዳቤዎቻችሁ ሁሉ «ተወችኝ፣ ከዳኝ» ነበሩ። የዛሬው ለየት ይላል። ፍቅር የለበትም… ወይም አለበት፣ ግን ጨርቅ ውስጥ ተቋጥሮ ነው።

ጸሐፊው የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው። ተወልዶ ያደገው ወሎ፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና ሲሆን አሁን አዲስ አበባ ሞባይል እየጠገነ ይኖራል። ሊያገባ ስለሆነ አያቱን ለመጥራት አገሩ ሲሄድ፣ አሮጊቷ ከሙዳያቸው አንድ ቋጠሮ አውጥተው «ለሠርግህ» ብለው ሰጡት። ሲፈታው አሥራ አራት ብር! አሥራ ሦስቱ ሴትዮዋ ያለችባቸው ጠገራ፣ አንዱ የምኒልክ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለም። እጮኛው «አራቱን አንጥረኛ ጋ ወስደን ሐብልና ቀለበት እናሠራ» ትላለች። አሜሪካ ያለች የአጎቱ ልጅ ደግሞ «እንዳትነኩት! እዚህ ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት አለ፤ ፕላስቲክ ውስጥ አሽጎ ቁጥር ሲሰጠው ዋጋው አሥር እጥፍ ይሆናል፤ በሰው ላክልኝ» ትላለች። በዚህ መሐል ታናሽ ወንድሙ «ላሳምርልህ» ብሎ ሦስቱን በሎሚና በአመድ ፈትጎ እንደ መስታወት አብለጭልጯቸዋል። «ልላከው ወይስ ልተወው? ሠርጉ ገንዘብ ይፈልጋል» ይላል ወንድማችን።

መልሴን ላስቀድም፤ አሥራ ሦስቱን አትላክ። ስለ ምኒልኩ ግን እንነጋገራለን።

መጀመሪያ ሴትዮዋን እንወቃት። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ እኛ ማርትሬዛ የምንላት። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሩ ላይ ያለውም ዓመት 1780 ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው! «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ብር ይዣለሁ» ብሎ ልቡ ይዘላል። እሷ ከሞተች በኋላ ግን ያንኑ ዓመት ሳይቀይሩ ሲቀርጹት ኖረዋል። ቪየና ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ሁሉ ቀርጸውታል። ሙሶሊኒ እንኳ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1935 መቅረጫውን ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ላይ አስቀርጿል፤ ያለ ጠገራ እዚህ አገር ምንም እንደማይገዛ ገብቶታላ! ቪየና ዛሬም ትቀርጸዋለች። በጠቅላላው የተቀረጸው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ዓመቱ ብቻውን ብርህን ብርቅ አያደርገውም።

ብሩ ግን እውነተኛ ብር ነው። አንዱ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው፤ ማለትም ከ23 ግራም በላይ። (በነገራችን ላይ አያቶቻችን ወቄት የሚሉት ክብደት የዚሁ የአንድ ጠገራ ክብደት ነው።)

አሁን ወደ ድርጅቶቹ እንምጣ። የታወቁት ሁለቱ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ናቸው፤ ሁለቱም የአሜሪካ ናቸው፤ ሥራ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1987 ነው። ሥራቸው ብሩ እውነተኛ መሆኑን አይተው፣ ምን ያህል እንዳለቀ መርምረው ከ1 እስከ 70 ቁጥር መስጠትና በጠንካራ ፕላስቲክ ማሸግ ነው። 60ና ከዚያ በላይ የሚያገኘው ገበያ ላይ ሳይዞር የቀረ ብር ነው። የእኛ አገር ጠገራ ደግሞ ምን ያላየው አለ? በቅሎ ተገዝቶበታል፣ ጥሎሽ ሆኗል፣ ተቀብሯል፣ ተበስቶ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል። የተበሳውና የተፈተገውማ ከነጭራሹ ንጹሕ ቁጥር አያገኝም፤ «ታጥቧል» ወይም «ጉዳት አለበት» ተብሎ ይጻፍበታል።

ደላንታ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። እዚያ ኦፓል ከተገኘ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ልጁ ሁሉ ድንጋይ አዋቂ ሆኗል። የደላንታ ኦፓል ውሃ ሲጠጣ እንደ ብርጭቆ ይጠራል፣ ቀለሙም ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ብር ግን እንደዚያ አይደለም። ወንድምህ በአመድ የፈተገው ያ ጠቆር ያለ ገጽ ሰብሳቢ የሚፈልገው ገጽ ነበር፤ ደርቆ የሚመለስ ነገር የለውም። እባካችሁ፣ አሮጌ ብር ያላችሁ ሁሉ፣ ሎሚውን ለሰላጣ ተዉት!

ሒሳቡን እንሥራ። ለአንድ ብር የምርመራው ክፍያ ብቻ ከሃያ ዶላር ይበልጣል። መላኪያ አለ፣ መመለሻ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፤ አባል ካልሆንክ ወይም በተፈቀደለት ነጋዴ በኩል ካልሆነ አይቀበሉህም። ያለቀ ተራ ጠገራ ደግሞ የሚሸጠው ከውስጡ ካለው ብር ዋጋ ብዙም ሳይርቅ ነው። አሥራ ሦስቱን ብትልክ ለፕላስቲኩ ከፍለህ ያንኑ ጠገራ ትቀበላለህ። እዚህ አገር ለመሸጥ ካሰብክም አንጥረኛው ሚዛን ላይ ከማስቀመጡ በፊት ፕላስቲኩን ይሰብረዋል። ቁጥሩን የሚያነብ ገዢ ያለው ውጭ ነው።

«በሰው ላክልኝ» የሚለውን ነገር ደግሞ ተዋት። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። የአንተ ብር በአዋጁ ውስጥ ይግባ አይግባ የምትወስነው አንተም አይደለህም፣ የአጎትህ ልጅም አይደለችም። የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ሄደህ ጠይቅ። ሻንጣ ውስጥ ካልሲ መሐል ተጠቅልሎ ቦሌ ላይ የተያዘ ብር ለሠርግ አይደርስም።

ምኒልኩስ? እሱ ሌላ ነው። የተቀረጸው ፓሪስ ነው። ከንጉሡ መልክ ሥር ያለውን ዓመት በግዕዝ ቁጥር አንብብ፤ ፲፰፻፹፯ ወይም ፲፰፻፹፱ ሊሆን ይችላል። በጀርባው ያለው አንበሳ የትኛውን የፊት እግሩን እንዳነሣም እይ፤ ሰብሳቢዎች ያን ሁሉ ይለያሉ። ከማርትሬዛ ጋር ሲነጻጸር የተቀረጸው በጣም ጥቂት ስለሆነ ዋጋውም ይለያል። አስመስሎ የተሠራ ግን ሞልቷል! ስለዚህ መጀመሪያ ወርቅ ቤት በሚገኝ ሚዛን አስመዝነው፤ ከ28 ግራም ብዙ ከራቀ ተጠራጠር። ማግኔት ከሳበው ጨዋታው አለቀ። እነዚህን አልፎ፣ ሳይበሳ፣ ሳይፈተግ፣ የንጉሡ ጺምና የአንበሳው ጎፈር ጥርት ብሎ የሚታይ ከሆነ፣ ያኔ በፈቃድ ልኮ ደረጃ ማሰጠት ገንዘቡን ሊያወጣ ይችላል። ለምኒልክ ብር ትልቁ ጥቅም ቁጥሩ እንኳ አይደለም፣ «እውነተኛ ነው» መባሉ ነው። መልኩ ከደበዘዘ ግን በጨርቁ ቋጥረህ ተወው።

አሁን ድርጅቶቹ ሊነግሩህ ወደማይችሉት ልውሰድህ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ናፒየር ጦር ከዙላ ተነሥቶ፣ በዋድላ አድርጎ፣ ጅጣን ወርዶ ወጥቶ ደላንታ ላይ ሰፍሮ ነበር፤ ከዚያ በሽሎን ተሻግሮ ነው መቅደላ የደረሰው። በየመንገዱ ለእህል፣ ለመኖና ለጭነት ከብት የከፈለው በምን ይመስልሃል? በጠገራ! ሌላ ገንዘብ ባላገሩ አይቀበልማ። ለዚሁ ዘመቻ ተብሎ ከቪየና የመጣ ጠገራ ነበር። የአያትህ ቋጠሮ ውስጥ ያለው አንዱ ከዚያ የተረፈ ይሁን፣ በሬ ተሸጦ የተገኘ ይሁን፣ ከጥሎሽ የመጣ ይሁን ፒሲጂኤስ ያውቃል? አያትህ ናቸው የሚያውቁት። የአሮጊት ዕድሜ ደግሞ የፖስታ ቤት ወረፋ አይጠብቅም። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ከማን እንዳገኙት አንድ መስመር የለበትም። ስልክ ደውልና ጠይቃቸው፤ የሚሉህን በወረቀት ጻፍና ከብሩ ጋር አስቀምጠው።

ለእጮኛህ ያለኝን ልንገርህ። ልጅቷ አልተሳሳተችም! የእኛ አገር አንጥረኛ ከጥንት ጀምሮ መስቀልና ሐብል ሲሠራ የኖረው ጠገራ እያቀለጠ ነው። ወንድምህ የፈተጋቸው ሦስቱ አሉ አይደል? ለሰብሳቢ ዋጋቸው ወርዷል፣ ለአንጥረኛ ግን ያው ናቸው። አያትህን አስፈቅድና እነሱን ስጣት፤ አራት ብላለች፣ በሦስት ትስማማለች ብዬ እገምታለሁ። የቀሩትን ለስላሳ ፌስታል ውስጥ አትክተት፣ ገጹን ያበላሻል። ደረቅ ወረቀት ወይም የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። ስትይዘውም ጠርዙን ነው እንጂ ፊቱን አይደለም። ሙዳዩ ውስጥ ስንት ዓመት በደህና የኖረ ብር ነው፤ አያትህ ካልተቀየሙ እዚያው መልሰውና ለሠርጉ ወጪ እቁብ ግባ።