ለአንድ ጨዋታ ሰባት ቀን

የእግር ኳስ ጨዋታ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው በገዛ ሜዳ የሚደረገው ሲሆን ሁለተኛው በባላጋራ ሜዳ የሚደረገው ነው። በገዛ ሜዳ የሚሆን እንደ ሆነ ደጋፊው ምሳውን በልቶ ከቤቱ ይወጣና ለራት ይመለሳል። በባላጋራ ሜዳ የሚሆን እንደ ሆነ ግን ስንቅ፣ ማደሪያ፣ ገንዘብ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ ያስፈልገዋል። በስሜን ተራራ ግርጌ፣ በደባርቅና በዳባት ለሚኖረው የፋሲል ከነማ ደጋፊ ይህ አከፋፈል ከጥንትም አልሠራለትም። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዳባትም ከዚያው መንገድ ላይ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ስለዚህ ለእነዚህ ከተሞች ወጣት የጎንደሩ የዐፄ ፋሲለደስ ስታዲየም እንኳ የመንገድ ጉዳይ ነበር። በማለዳ ውርጭ ጋቢውን ተከናንቦ ከመናኸሪያ ይነሣል፤ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል አልፎ ከቀትር በፊት ጎንደር ይገባል፤ ጨዋታውን አይቶ ሲወጣም ሳይመሽበት የሚመልሰውን መኪና ይሻማል። ቡድኔ የሚለው ቡድን በገዛ ሜዳው ሲጫወት እርሱ ግን ዘወትር መንገደኛ ነበር።

ይሁን እንጂ ዛሬ ወደ ኋላ ሲታሰብ ያ ዘመን የድሎት ዘመን ነበር ማለት ይቻላል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በመግባቱ የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና ሲጀመር ግጥሚያዎቹ በየክለቡ ከተማ መደረጋቸው ቀረና ክለቦቹ በሙሉ በአንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ጥቂት ሳምንታት ተጫውተው ወደ ሌላው ከተማ የሚዛወሩበት ሥርዓት ተተከለ። በዚያ ዓመት ተራው የደረሳቸው ከተሞች አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። ፋሲል ከነማ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣው በዚሁ ዓመት ነው። ጎንደር ግን ከአስተናጋጆቹ ከተሞች አንዷ አልነበረችም። ይኸውም ማለት ቡድኑ ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት የከተማው ሰው አንዱንም የሊግ ጨዋታ በከተማው አላየም። ሥርዓቱም ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ በሚቀጥሉት ዓመታት ቀጠለ፤ ከተሞቹ ብቻ ተለዋወጡ።

ስለዚህ ሥርዓት ፍርድ ለመስጠት ስንፈልግ ጥቅሙን መደበቅ አይገባንም። ሊጉ በዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. መታየት የጀመረው በዚሁ በ2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ የቴሌቪዥን መሣሪያውንና ሠራተኛውን በየሳምንቱ ወደ ልዩ ልዩ ከተማ ከማጓጓዝ ባንድ ስፍራ መትከሉ የቀለለ ነው። ሜዳውም ቢሆን ለሥዕል የሚበቃው በየከተማው አይገኝም። ጸጥታን በሚመለከት ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ከመቐለው ክለብ ጋር በተያዘው ግጥሚያ ሰበብ ሁከት ተነሥቶ የሰው ሕይወት መጥፋቱንና ንብረት መውደሙን የሚያስታውስ ሁሉ የኀላፊዎቹ ሥጋት ከንቱ አለመሆኑን ይረዳል። ነገር ግን እግር ኳስ ለካሜራ ብቻ የሚደረግ ጨዋታ አይደለም። ካሜራው የባዶ መቀመጫ ረድፍ ሲያሳየን ጨዋታው ልምምድ ይመስላል።

የሜዳ ጕዳይ ከክለብም አልፎ ሀገርን ነክቷል። ፋሲል ከነማ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛንያውን አዛምን 1 ለ 0 ሲያሸንፍ ጨዋታው የተደረገው ባሕር ዳር ላይ ነበር። በኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አላሟሉም በማለቱ፣ ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበት «የገዛ ሜዳ» ጨዋታ የተካሄደው ማላዊ ውስጥ፣ ሊሎንግዌ ከተማ ላይ ነው። እንግዲህ የደባርቁ ደጋፊ ዕጣ የመላው ኢትዮጵያዊ ተመልካች ዕጣ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። አንድ የደባርቅ ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ቡድኑን ሐዋሳ ድረስ ተከትሎ ሊሄድ ቢያስብ፣ መንገዱ ለመሄጃ ብቻ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ጎንደር ወይም ሲበረታ ባሕር ዳር ያድራል፤ በሁለተኛው ቀን የዓባይን በረሃ ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሐዋሳ የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ጨዋታው አንድ ቀን፣ መመለሻው ሦስት ቀን፤ ለዘጠና ደቂቃ ጨዋታ ሰባት ቀን ሙሉ። የአንድ ጀማሪ ሠራተኛ የዓመት ዕረፍት ሃያ የሥራ ቀን ያህል ስለ ሆነ፣ ሩቡ ባንድ ጉዞ አለቀ ማለት ነው። ከጎንደር በአውሮፕላን መሄድ አለ፤ ነገር ግን ይህን ምክር ለተማሪ መስጠት ለተራበ ሰው የሆቴል ስም እንደ መጥራት ይቈጠራል። ባሕር ዳር ሲሆን ነገሩ ይሻላል፤ ከደባርቅ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ባንድ ቀን ይደረሳል፤ ማደር ግን አይቀርም። እኛ እንደምናየው ብዙው ደጋፊ ይህን ሒሳብ ሠርቶ ሲያበቃ ወደ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. ቤት ይሄዳል፤ እዚያም መብራት እንዳይጠፋ ይጸልያል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይሆንልንም። የስሜን ሰው ሌላ የእግር ኳስ መንገድ ነበረው። ከጎንደር ወደ ሽሬና ወደ አክሱም የሚሄደው አውራ ጎዳና ደባርቅን መካከል ለመካከል ሰንጥቆ፣ ጣልያኖች በቈረጡት በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቍልቍል ወርዶ፣ በአዲ አርቃይ በኩል ተከዜን ይሻገራል። ስሑል ሽሬ በ2011 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ ከጎንደር ቀጥሎ ለደባርቅ የቀረበችው የሊግ ከተማ ሽሬ ሆነች። በዚያው ዓመት ዋንጫውን መቐለ 70 እንደርታ ሲወስድ ፋሲል ከነማ ሁለተኛ ወጣ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ፤ የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ወጡ፤ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ መጥቶ ጭና ላይ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ ሦስቱ የትግራይ ክለቦችም በ2017 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ተመለሱ። ቡድኖቹ የተገናኙት ግን ከጎንደርም ከሽሬም በራቀ ከተማ ነው። በዚያ ጎዳና ላይ ደጋፊ የጫነ አውቶቡስ ወደ ላይም ወደ ታችም በሰላም የሚያልፍበት ቀን ለእኛ ከዋንጫ የሚበልጥ ዜና ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ መሄድ የቈረጠውስ ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ብቻውን አይሂድ። አንድ ሚኒባስ የሚሞሉ ሰዎች ተሰብስበው መኪናውን በኮንትራት ቢይዙ፣ በየመናኸሪያው ወረፋ ከመጠበቅ ይድናሉ። ሲዋዋሉ ግን ባለመኪናው የሚያስከፍለው ለመንገዱ ብቻ ሳይሆን ጨዋታው እስኪያልቅ ለሚቆምበትና ለሚያድርበትም ጭምር መሆኑን ጠይቀው ይረዱ፤ ጠብ የሚነሣው ዘወትር በዚህ ላይ ነውና። ገንዘቡን ባንድ ወር ደመወዝ ማውጣት ስለሚከብድ፣ ዕቁብ የሚጥሉ ሠራተኞች ከመስከረም ጀምሮ አንዱን ዕጣ ለዚህ ቢያውሉት ጉዳዩ ይቃለላል። ገንዘብ ያዡ በኳስ ከሚጮኸው ይልቅ ሒሳብ የሚያውቀው ቢሆን ይመረጣል።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ደጋ ከተማ ናት። ሰዎቿም ወባን የሚያውቋት በወሬ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ግን ወባ የምትገኝባቸው ስፍራዎች ናቸው። የደጋ ሰው በርካሽ አልጋ ያለ አጎበር አድሮ ይመለስና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲያንዘፈዝፈው ብርድ መታኝ ብሎ ይተኛል። ስለ ተጫዋች ጕልበት መጎዳት በየቀኑ የሚከራከረው ወጣታችን ስለ ራሱ ጤና ይህን ያህል እንኳ አለማሰቡ ያስገርመናል። የዳባትና የደባርቅ ተጓዥ አጎበር ቢይዝ፣ ከተመለሰም በኋላ ትኵሳት ቢሰማው ወዴት ሄዶ እንደ ነበረ ለሐኪሙ ቢነግር ሕይወቱን ሊያተርፍ ይችላል።

የመንገዱን ጸጥታ በሚመለከት ዝም ማለት አይቻልም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ መንገድ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ጊዜ ብዙ ሆኗል። ስለዚህ ደጋፊው ከመነሣቱ በፊት ያን ዕለት ከዚያ የመጣ ሾፌር መጠየቅ አለበት፤ የሳምንት ወሬ አይበቃም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መጓዝ አይገባም፤ ስለዚህም የማታ ጨዋታ ያየ ሰው ማደሪያውን አስቀድሞ ይያዝ። መንገዱ አጠራጣሪ በሆነ ቀን ቀርቶ በቴሌቪዥን ማየት ፍርሃት አይባልም።

በሜዳው ውስጥም ሌላ ጥያቄ አለ። በሀገራችን ልማድ የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል በር ይከፈትለታል፤ እርሱም በበኩሉ የቤቱን ሰው አይሰድብም። በስታዲየም ግን እንግዳው ደጋፊ ሲገባ በጥርጣሬ ይታያል፤ እርሱም አንዳንድ ጊዜ ጥርጣሬውን እውነት የሚያደርግ ዘፈን ይዞ ይመጣል። የባላጋራውን ግብ ጠባቂ ማብሸቅ የጨዋታው ቅመም ነው፤ የሰውን ዘር እየጠሩ መሳደብ ግን ከኳስ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም። የዚህ ዐይነቱ ጩኸት ያመጣውን ወልድያ ላይ አይተናል።

ሌሎች ሀገሮች ለዚሁ ችግር ሁለት ልዩ ልዩ መንገድ ተከትለዋል። አርጀንቲና ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 ላ ፕላታ ላይ የላኑስ ክለብ ደጋፊ ከተገደለ በኋላ፣ እንግዳ ደጋፊ ወደ ስታዲየም እንዳይገባ ተከልክሎ ክልከላው ለብዙ ዓመታት ጸንቷል። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የደጋፊ ብጥብጥ መላ አውሮፓን ካሳፈረ በኋላ ተቃራኒውን መረጡ፤ በፕሪሚየር ሊጋቸው ለእንግዳው ክለብ እስከ 3,000 መግቢያ ይመደባል፤ ከ2016 ጀምሮም የእንግዳ ደጋፊ መግቢያ ከ30 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህንንም ያደረጉት ከሩቅ የሚመጣው ደጋፊ የጨዋታው አንድ ክፍል መሆኑን ስላመኑ ነው፤ ባዶ ማዕዘን ለቴሌቪዥናቸውም አይበጅምና።

እኛ ወደዚህኛው እናዘነብላለን። ሊጉ ወደ ቀድሞው ሥርዓት ባንድ ጊዜ ይመለስ ብንል አቅሙን አለማየት ይሆናል። ነገር ግን የጎንደር ስታዲየም መስፈርቱን እንዲያሟላ ማድረግ ለከተማው አስተዳደርም ለክለቡም ከአንድ አጥቂ ግዢ የሚቀድም ሥራ ነው። እስከዚያው ድረስ ሦስት ትንንሽ ነገሮች ብዙ ገንዘብ ሳይጠይቁ ሊደረጉ ይችላሉ። የደጋፊ ማኅበሩ ከጎንደር አልፎ በዳባትና በደባርቅም ተጠሪ ቢያኖር፣ መኪናውን የሚያስተባብርና ሰዎቹን በስም የሚያውቅ ሰው ይገኛል። አስተናጋጁ ከተማም በተማሪ ቤት ወይም በወጣት ማእከል ርካሽ ማደሪያ ቢያዘጋጅ፣ ከሚያወጣው ይልቅ በምግብና በመጓጓዣ የሚያገኘው ይበልጣል። ሦስተኛው የጊዜ ሰሌዳው ነው። አዲስ አበባ ለሚኖር ተመልካች ግጥሚያው ከቅዳሜ ወደ ማክሰኞ ቢዛወር ቀጠሮ መሰረዝ ብቻ ነው። የደባርቁ ሠራተኛ ግን የፈቃድ ማመልከቻውን ለአለቃው ካስፈረመ በኋላ፣ ለመኪናው ቀብድ ከፍሎና ስንቁን አስቋጥሮ ሁለተኛውን ቀን በመንገድ ላይ ሳለ ይህን ቢሰማ፣ የሚመለሰው ቡድኑ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ነው።