ካንዴላው ከመፈታቱ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቼ፣ መኪና ለብዙዎቻችን የእንጀራ ገመድ መሆኑን ታውቃላችሁ። በታክሲ፣ በኡበር ወይም ዕቃ በማድረስ ለሚተዳደር ሰው መኪናው አንድ ቀን ጋራዥ ከቆመ የጥገናው ክፍያ ሳይቆጠር የዕለቱ ገቢ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን በዕረፍት ቀናችን ኮፋኖ ከፍተን ራሳችን እንሠራለን። ይህን ከልቤ እደግፋለሁ። የምቃወመው ሳይመረምሩ ዕቃ መግዛትን ነው።

ባለ አራት ሲሊንደር ካምሪ እያላችሁ ሞተሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር እንበል። ብዙ ሰው ወዲያው ስልኩን አውጥቶ አራት ርካሽ ቦቢናዎች ያዛል። ነገር ግን ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ በቤንዚን የሚሄድ የቤት መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር ኦቢዲ 2 የሚባል መሰኪያ አለው። ኮድ ማንበቢያው ፒ0302 ካሳየ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም። ጥፋቱ የቦቢናው ይሁን የካንዴላው ወይም የኢንጀክተሩ ግን ኮዱ አይነግራችሁም። ለዚህ አንድ 10 ቁጥር ቁልፍ ይበቃል። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ሲሊንደር ቦቢና አቀያይሩ፣ ኮዱን አጥፉ፣ ትንሽ ንዱ። ፒ0303 ሆኖ ከመጣ ችግሩ ከቦቢናው ጋር ተዛውሯል፤ የምትገዙት አንድ ቦቢና ነው። ፒ0302 ላይ ከቀረ ቦቢናው ጤነኛ ነው፤ ቀጥሎ የሚታየው ካንዴላው ነው። የሞተሩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን መንዳቱን አቁሙ፤ ሳይቃጠል የሚወጣው ቤንዚን ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን ያበላሸዋል፣ ዋጋውም ከቦቢና ጋር አይወዳደርም።

ከመኪናው ፋብሪካ ውጭ የተሸጠ ዕቃ ሁሉ የማይረባ አይደለም። ዴንሶ ለቶዮታ ዕቃ ያቀርባል፤ በራሱ ካርቶንም ይሸጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም በቅናሽ። የሚያስፈራው ፎርጅዱ ነው። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ መለዋወጫ የገዛ ሰው ካርቶኑን አገላብጦ፣ ጽሑፉን አይቶ፣ ሻጩን ጠይቆ እንደሚገዛ ሁሉ እዚህም ኢንተርኔት ላይ ሻጩ ማን እንደሆነ እዩ። የፋብሪካ ዋስትና ይፈርስብኛል ብላችሁ አትስጉ፤ በ1975 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የሌላ አምራች ዕቃ ስለገጠማችሁ ብቻ ዋስትናችሁ እንዲሰረዝ አይፈቅድም።

አሁን ወደ ካንዴላው። ካምሪ ላይ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱም ስስ። እኔ አንድ ቅዳሜ ሥራ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ሞተሩ ሳይበርድ ፈታሁ፤ ካንዴላው ጥርሱን ይዞ ወጣ። ጥገናው የወሰደብኝን ገንዘብ ዛሬም አልረሳውም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ካንዴላውን ከመፍታታችሁ በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አቧራ በአየር አስወጡ፤ አለዚያ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። የቦቢናው ሶኬት ፕላስቲክ በሙቀት ይደርቃልና በግድ አትጎትቱት፤ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጉና ማቆለፊያውን ተጫኑ። አዲሱን ስታስገቡ ክሪኬት አትጠቀሙ። ካንዴላው ጫፍ ላይ ቁራጭ የላስቲክ ቱቦ ሰክታችሁ በጣት አሽከርክሩት፤ ጥርሱ ከተዛነፈ ቱቦው ይንሸራተትና ያስጠነቅቃችኋል። መጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። እሱ ከሌለ፣ ሪንግ ያለው አዲስ ካንዴላ በጣት እስኪቆም ከገባ በኋላ በቁልፍ ከግማሽ ዙር ብዙም አያልፍም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን እዩ። ጥርሱን ቅባት አትቀቡት፤ ሳይታወቃችሁ ከልክ በላይ ይጠብቃል።

የማትነኩትም አለ። ፕሪየስ የምትነዱ፣ ብርቱካንማው ገመድ ከ200 ቮልት በላይ ሊሸከም ይችላል፤ ለሠለጠነ ሰው ተውት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ካቫሌቶ ይደረግ። የአፓርታማችሁንም ውል አንብቡ፤ ብዙዎቹ ግቢ ውስጥ መኪና መሥራት ይከለክላሉ።

የመሣሪያ እጥረት መፍትሔ አለው። አውቶዞንና ኦራይሊን የመሳሰሉ የመለዋወጫ መደብሮች ማስያዣ ተቀብለው መሣሪያ ያውሳሉ፤ ስትመልሱ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ከዚያ የተሻለው ግን በእጃችን ነው። በአንድ ሕንጻ የምንኖር አራት አምስት ሰዎች አዋጥተን አንድ ቶርክ ቁልፍ፣ አንድ ኮድ ማንበቢያና ሁለት ካቫሌቶ እንግዛ። ጋራዥ ሠርታችሁ የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ፣ ጎረቤታችሁ የመጀመሪያውን ካንዴላ ሲፈታ አጠገቡ ቁሙለት።