የሜዳሊያው ጠርዝ ምን ይላል?

ከእስያ የቅኝ አገዛዝ ዘመን የተረፉትን የነገሥታትና የጦርነት መታሰቢያ ሜዳሊያዎች የሚሰበስቡ ወገኖች አንድ የተለመደ መከራከሪያ አላቸው። «የምንሰበስበው ጥበቡን ነው፤ ፖለቲካው አይመለከተንም» ይላሉ። አባባሉ ላይ ላዩን ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ባዶ ነው። ሜዳሊያ ገና ሲቀረጽ ጀምሮ የፖለቲካ ሥራ ነውና።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1877 ንግሥት ቪክቶሪያ የሕንድ ንግሥተ ነገሥታት መሆኗ በዴልሂ ታወጀ። ለዚሁ በዓል የተቀረጸው ሜዳሊያ ለመሳፍንቱና ለታላላቅ ሹማምንት በወርቅ፣ ለሌሎች በብር ታደለ። ዕለቱም በገጹ ላይ ተጽፎአል። በዚያው ወራት ደቡብ ሕንድ በረኀብ ይረግፍ ነበር። ከ1876 እስከ 1878 በዘለቀው እልቂት ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው አለቀ። በዓሉ በተከበረበት ወር በእርዳታ ሥራ ላይ ለተሰማራ ለአንድ ወንድ የተወሰነው የቀን ድርጎ 450 ግራም ያህል እህልና አንድ አና ነበር። ይህን የማይናገር ሰብሳቢ ምኑን ሰበሰበ?

የቲቤትን ሜዳሊያ ደግሞ እንመልከት። በ1903 እና በ1904 ያንግሀዝባንድ የመራው የእንግሊዝ ጦር ወደ ላሳ ዘመተ። ማርች 31 ቀን 1904 ጉሩ በተባለ ስፍራ፣ ኋላ ቀር ነፍጥና ሰይፍ የያዙ በመቶ የሚቆጠሩ ቲቤታውያን በማክሲም መትረየስና በዘመናዊ ጠመንጃ ረገፉ። በሜዳሊያው አንድ ገጽ የንጉሥ ኤድዋርድ ምስል፣ በሌላው የተደፈረችው የላሳ ፖታላ ቤተ መንግሥት ተቀርጾአል። ለወታደሩ ከብር፣ ስንቅና ጥይት ተሸክሞ ያን ብርዳም ተራራ ለወጣው ጭቁን ከነሐስ ተሠራ። ሁለቱም በአንድ መንገድ ሄዱ፤ ማዕድኑ ግን መደብ ለየ።

«እንግዲያው ይቅለጥ!» የሚሉ ቁጡዎችም አይጠፉም። በዚህም አንስማማም። በነሐሱ ጠርዝ ላይ የባለቤቱ ስም፣ አንዳንዴም «ኩሊ» ከሚል ማዕረግ ጋር፣ ተቀርጾ ይገኛል። ለብዙዎቹ ተሸካሚዎች ከዚያች ጠርዝ ሌላ ሐውልት የላቸውም። ነሐሱን ማቅለጥ የበዳዩን ሳይሆን የተበዳዩን ስም ማጥፋት ነው። አብረቀርቃለሁ ብሎ ጠርዙን እየፈገፈገ ስሙን የሚያደበዝዘው ነጋዴም ከአቅላጩ አይሻልም።

ስለዚህ ሜዳሊያ ይሰብሰብ፤ ግን ከነታሪኩ ይሰብሰብ። በሙዚየም መስኮት የሚቀመጥ ከሆነ ዘውዱ ብቻ ሳይሆን ጠርዙም ይታይ። ከንጉሡ ስም ጎን የረኀቡ ዓመት፣ ከድሉ ስም ጎን የወደቁት ይጻፉ። መምህሩም ለተማሪዎቹ ሲያሳይ «ይህ የማን ምስል ነው?» ከማለቱ በፊት «ይህን የተሸለመው ማን ነው? ማንስ ከፈለበት?» ብሎ ይጠይቅ። ጥበብን እንወዳለን የሚሉ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ እስኪሰጡ ድረስ፣ በእጃቸው ያለው ክምችት የታሪክ ቅርስ ሳይሆን ቁርጥራጭ ብረት ነው።